አንድ ስድሳኛ ሰከንድ

ላሆር፣ ሆል ሮድ ላይ፣ ከአምፖል ሻጮች ፎቅ፣
ሁለት ሰው ካሳለፈ ደረጃው የሚጨነቅ፣
የቱፈይል ሱቅ አለ። እኔ ጥጌን ይዤ
የጆይስቲክ ሆድ እከፍታለሁ፣ ካውያዬን አግዬ፣
የላላ ስፕሪንግ እቀይራለሁ፣
ሰው ሲከራከር እሰማለሁ።

ዛሬ ክርክሩ «የጨው በር ሁለት» ነው፣
ታድሶ የወጣው።
ቱፈይል ጀመረ፦ «አንድ በሬ ሁለቴ ሸጡልን፣
ቀንዱን ቀለም ቀብተው ‹ሌላ ነው› አሉን።»
ከጠዋት እስካሁን አሥራ አራት ዲስክ ሸጧል፣
አሥራ አራቴም ረግሟል።

ጉልዛር፣ ከታች አምፖል የሚሸጠው፣ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ፦
«በኛ ጊዜ ሳንቲም ከተን፣ ቆመን ነበር የምንማታ፤
ፍራሽ ላይ ተጋድሞ፣ ብስኩት እየበሉ፣ ይሄ ምኑ ነው ጨዋታ!»

የሸህሪያር ዓይን ረክቷል፦ «ዝናቡን አያችሁ፣ ትከሻ ላይ ሲሰበር?
የድሮው እኮ ዝናብ አይደለም፣ ነጭ ክር ነበር።»
ጆሮው ግን አኩርፏል፦ «ከበሮውን የት ጣሉት? ይሄ የሊፍት ሙዚቃ
ሰው ጥርሱ እየረገፈ እሹሩሩ ይላል፣ በቃ!»

ሚቃል አሥር ዓመቱ ነው፤ የድሮውን አያውቅ።
«ቆንጆ ነው» አለና መልስ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣
የሰማው አልነበረም።
ሰባት ሰው በተከታታይ ጣለ፤
የቆጠረለትም አልነበረም።

ዙልቀርነይን ዝም ብሏል።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ሴት ብቻ ነው የመረጠ፣
ናሂድን፣ ጀልባ ቀዛፊዋን።
መቅዘፊያዋ ቁርጭምጭሚት መትቶ ሲመለስ
አንዲት ክፍተት ነበረች፣ የሰከንድ ስድሳኛ፣
ሠሪዎቹ ሳያዩ የረሷት፣
በረመዳን ሌሊት፣ ሱሁር ሲጠብቅ፣ እሱ ብቻውን ያገኛት።
በዚያች ሾልኮ ስንቱን ጥሏል!
አዲሱ እትም ደፍኗታል።

«ስህተት ነበረች» አለች መህሩኽ፣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ፣
«የተቦረቦረ ይሞላል። ምኑ ነው አነጋጋሪ?»
«ስህተት የምትያት» አላት፣ ሳያያት፣ «ዘጠኝ ዓመቴ ናት።»

ያኔ መብራት ሄደ፣
ሰዓቱን ጠብቆ፣ እንደ አራጣ አበዳሪ።
የጣራው ፋን ሦስቴ ዞሮ ተኛ፣
የናሂድ ክንድ እንደተነሳ ጠፋ።
ሙቀቱ ገብቶ መሃላችን ቁጭ አለ።

በጨለማው፦ ቀጭ። ቀጭ-ቀጭ።
ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ ጠግኜዋለሁ፣
የግራው ቁልፍ ትንሽ ይዘገያል።
ኋላ፣ ታች፣ መቅዘፊያ፣ ከዚያ ያቺ ቅጽበት፤
በሞተ ስክሪን ላይ የድሮውን ይጫወታል።
ከወዲያኛው ወንበር አንድ ቀጭ መጣ፣
እዚያችው ቅጽበት ላይ፣ ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ።

እጁ ቆመ።
«ያዝሽው።»
«ያዝኩት።»
«መቼ ተማርሽ?»
«ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቤቴ፣ በር ዘግቼ፣
ፈተና እያለብኝ።
ዛሬ ላሳይህ ነበር የመጣሁት፤
ደፈኑብኝ።»

መብራቱ ሲመለስ አንዱ ግድግዳ፣ አንዷ ጫማዋን ታያለች።
ስክሪኑ ከሀ ጀምሮ «ቋንቋ ይምረጡ» ይላል፤
የመረጠ የለም።
ሚቃል ነው የቱፈይልን የሻይ ብርጭቆ ያነሳው።
ከሥሩ የድሮው ዲስክ፣ ክብ እድፍ ታትሞበት፣ ተጭሮ፣ ተፍቆ።
«የብርጭቆ ማስቀመጫዬን!» ጮኸ ቱፈይል።
መህሩኽ ከቦርሳዋ የጥርስ ሳሙና አወጣች፣
በአውራ ጣቷ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ሳትቸኩል አሸች፤
ዙልቀርነይን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።
እኔ ማሽኑን ከፈትኩ።

ዲስኩ ገባ።
አንዴ አጉረመረመ። ቆመ።
እንደገና አጉረመረመ።